የ9,800 ብሩ ጋቢና የሽሮ ሜዳው ጋቢ

አባቴ የሚኖረው ደብረ ብርሃን ነው። ከተማው ከባሕር ወለል ከ2,800 ሜትር በላይ ነውና ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ሳሩ በውርጭ ነጥቶ ያድራል። እዚያ ጋቢ ጌጥ አይደለም። አባዬ ከምሽቱ 12 ሰዓት ጀምሮ ጋቢውን ከትከሻው አያወርድም፤ የሚለብሰውም እናቴ በገዛ እጇ ፈትላ ያሠራችለትን ነው። እሷ ካረፈች 6 ዓመት አለፋት። ጋቢው መሃሉ ሳስቷል፣ ጫፉም ተተልትሏል። ለገና አዲስ ልገዛለት ቆረጥኩ።

ቦሌ አካባቢ ካሉት የባህል ልብስ ቤቶች ወደ አንዱ ገባሁ። ስሙን አልጠራም። ቤቱ ያምራል፣ ልጆቹም ትሑቶች ናቸው፤ እስክመርጥ ድረስ ቡና ቀረበልኝ። ዳሩ ላይ ቀጭን አረንጓዴ ጥለት ያለው ጋቢ ዘረጉልኝ፤ ዋጋው 9,800 ብር። «ንጹሕ ፈትል ነው?» ብዬ ጠየቅሁ። አስተናጋጇ «እህቴ፣ ዋጋውን አይተሽው የለ?» አለችኝ። መልሱ በቂ መስሎኝ ከፈልኩ።

እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ ይህ ነው። እኔ እኮ ጥጥ ስዳምጥ፣ ለእናቴ ባዘቶ፣ ለመፈተል የተዘጋጀውን ጥጥ፣ ሳቀብል ያደግሁ ሰው ነኝ። ፈትልን በጣቴ አውቀዋለሁ። ያን ቀን ግን ዘርፉን እንኳ ሳልዳስስ፣ «ይህን ያህል ከጠየቁበትማ ጥሩ ቢሆን ነው» ብዬ በካርቶን አስጠቅልዬ ወጣሁ።

ለፋሲካ ስሄድ አባዬ ያንኑ አሮጌውን ለብሶ አገኘሁት። «አባዬ፣ አዲሱስ?» ስለው «ለቤተ ክርስቲያን ብዬ አስቀምጬው ነው ልጄ» አለኝ። ሰው ማስቀየም አይወድም። የዚያን ሌሊት እኔው ለብሼው ተኛሁ። ከትከሻዬ እየተንሸራተተ ሲያስቸግረኝ አደረ፤ ሙቀት የሚባል ነገር የለውም። ሁለቴ ብቻ ታጥቦ ፊቱ ትንንሽ እንክብል አውጥቷል።

ጠዋት ከዘርፉ አንድ ክር መዘዝኩና ክብሪት ለኮስኩበት። ተኮማትሮ ቀለጠ፣ ሽታው የተቃጠለ ፕላስቲክ፤ ጫፉ ላይ የቀረው ጥቁር ፍሬ በጥፍሬም አልፈረሰ። ከእናቴ ጋቢ ከተተለተለው ጫፍ ሌላ ክር ወስጄ አነደድኩ። እንደ ወረቀት ነደደ፣ ሽታውም የወረቀት፤ አመዱ ስነካው በነነ። ጥጥ የሚነደው እንዲህ ነው።

ድሩ፣ በቁመት የሚዘረጋው ክር፣ የፋብሪካ ቢሆን ቅር አይለኝም፤ ዛሬ ብዙ ሸማኔ የሚያደራው በፋብሪካ ክር ነው። የጋቢ ሙቀት ያለው ማጉ፣ በአግድም የሚገባው ክር ላይ ነው። በእንዝርት የተፈተለ ክር አንዱ ቦታ ወፈር፣ ሌላው ቦታ ቀጠን ይላል፤ ላላ ብሎ ስለሚከር ውስጡ አየር ይይዛል። ያ ሲሸመንና አራት ደርብ ሲሆን ብርድ አያስገባም፤ ሲታጠብም ይፋፋል። ቦሌ የገዛሁት ጋቢ ማጉ ከጫፍ እስከ ጫፍ አንድ ዓይነት ነው፣ ያብረቀርቃል። ዓይን ላለው ሰው ይህ ብቻ ይበቃ ነበር።

አዲስ አበባ ስመለስ ወደ ሱቁ ሄድኩ። ገንዘቤን መልሱ ለማለት አይደለም፣ አራት ወር የቆየ ዕቃ እንደማይመለስ አውቃለሁ፤ እንዲያውቁት ብዬ ነው። የሰጡኝ መልስ «12,500 ብር የሚሸጥ ሌላ አለን፣ ንጹሕ ፈትል እሱ ነው» የሚል ነበር። ከእሱ አንድ ክር ልምዘዝ ስላቸው አይቻልም አሉኝ።

ከዚያ ወደ ባህል ልብስ ገበያው፣ ወደ ሽሮ ሜዳ ወጣሁ። እዚያም ቢሆን ዓይን ይፈልጋል። መንገድ ዳር 1,800 ብር የተባልኩት ጋቢ ያው የሚያብረቀርቀው ዓይነት ነው፤ ጥቂት ሱቆች አልፌ የእሱኑ ወንድም 8,000 ብር ጠየቁኝ። በመጨረሻ ጎረቤቴ እትዬ ያመለከቱኝን ሸማኔ ከውስጥ ሰፈር አገኘኋቸው። ከጋሞ ደጋ፣ ከጨንቻ በኩል በልጅነታቸው የመጡ ሰው ናቸው። እግራቸውን ከሽመና ዕቃው በታች ባለው ጉድጓድ ውስጥ ሰደው መወርወሪያውን ከግራ ወደ ቀኝ ይልካሉ። «ጋሼ፣ ፈትሉን ልየው?» ስላቸው ሥራቸውን አቁመው አንድ ልቃቂት እጄ ላይ አኖሩልኝ። ክሩን ስፈታታው ተመልሶ ባዘቶ ሆነ። ክብሪት ሳወጣ «አንድጂው፣ ምን ገዶኝ» አሉ።

4,500 ብር ተስማማን፤ 1,000 ብር ቀብድ ሰጠሁ፣ የቀረውን ስረከብ በቴሌብር። ጉድለታቸውንም ልናገር፦ በ12 ቀን ይደርሳል ያሉኝን የሰጡኝ በ19ኛው ቀን ነው፤ ሁለቴ ተመላልሻለሁ። ደረሰኝ የለም። ጥለቱ የቦሌውን ያህል አያምርም፣ መሃል ላይ ያለው መጋጠሚያም አንድ ቦታ ትንሽ ተዛንፏል። የተረከብኩትም በፌስታል ነው። ለስጦታ የሚያምር ነገር የሚፈልግ ሰው ይህን አስቦ ይሂድ። በጋቢነቱ ግን እንከን አላገኘሁበትም፤ ከታጠበ በኋላ ይበልጥ ወፍሮ ነው ያየሁት።

ሰኔ መጨረሻ ላይ ዝናቡ እየወረደ አደረስኩለት። አባዬ ከፌስታሉ አውጥቶ አልዘረጋውም። ዳሩን በአውራ ጣቱና በሌባ ጣቱ መሃል ይዞ ብዙ ጊዜ አሸው።

«ማናት የፈተለችው?» አለኝ።

ሸማኔው የነገሩኝን ነገርኩት፤ እንጦጦ ግርጌ የሚኖሩ አንዲት እናት ናቸው አልኩት። «እጃቸው ይባረክ» ብሎ አሮጌውን ሳያወልቅ በላዩ ደረበው።