1 ኪሎ ከ380 ግራም ሌንስ ይዤ ሳነቴ ላይ

የካኖን ከ100 እስከ 400 ሚሊ ሜትር ሌንስ ነው። የመጀመሪያው ሞዴል፣ በፈረንጆቹ 1998 የወጣው። ያገለገለ ነው የገዛሁት። ዙሙ ቀለበት አዙራችሁ የምታቀርቡት አይደለም፤ እንደ ጎማ መንፊያ ወደፊት ትገፉታላችሁ፣ ወደኋላ ትስቡታላችሁ። ሰው ሲያየኝ ይስቃል። እኔ ግን ወድጄዋለሁ።

አባቴ ካረፈ በኋላ እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ነቅቼ ስልክ ላይ ማፍጠጥ ሆነ ሥራዬ። ሰዉ ሁሉ «አይዞሽ፣ በርቺ» ይላል፣ ደግ ነው፣ ግን ስለ ሐዘኔ የማያወራኝ ነገር ነበር የናፈቀኝ። አንድ ቅዳሜ አሮጌዋን ካሜራዬን ይዤ እንጦጦ ወጣሁ። አብራ በመጣችው ትንሽ ሌንስ ያነሳሁት ወፍ ሁሉ ነጥብ ሆኖ ወጣ። ቢሆንም አራት ሰዓት ሙሉ ስለ ምንም ሳላስብ እንደዋልኩ የገባኝ ታክሲ ውስጥ ነው። በሳምንቱ ረጅም ሌንስ ፍለጋ ወጣሁ።

የሸጠልኝን ሱቅ ስም አልጠራም። «እንደ አዲስ ነው» ተብዬ የሁለት ወር ደሞዜን ከፍዬ፣ ቤት ገብቼ የስልኬን መብራት ከኋላ ሳበራበት ውስጡ የሸረሪት ድር የመሰለ ፈንገስ አለ። ይዤ ስመለስ «ፎቶ ላይ አይታይም» አለኝ። እውነቱን ለመናገር ብዙም አይታይም። ፀሐይ ፊት ለፊት ስትሆን ግን ፎቶው ይገረጣል፣ ለማስጠረግም ሌላ ብር ወጣ። ስለዚህ ያገለገለ ሌንስ ስትገዙ መብራቱን እዚያው ሱቁ ውስጥ አብሩበት፣ ሻጩ ቢኮሳተርም ይኮሳተር።

ሌንሱን በደንብ የለየሁት ባሌ ላይ ነው። ከአዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው፤ ዲንሾ ላይ የደጋ አጋዘንና ከርከሮ ከመንገድ ዳር ሳይቀር ስለሚታዩ እጅ ማፍታቻ ይሆናል። በማግስቱ በጎባ በኩል ሳነቴ ወጣን። ከ4000 ሜትር በላይ ያለ ሜዳማ አምባ ነው። አሥር እርምጃ ሄጄ ነው የማርፈው፣ ሌንሱ አንገቴ ላይ ድንጋይ ሆኗል። ውርጭ አለ፣ ጅብራዎቹ በጭጋግ ውስጥ እንደ ሰው ቆመዋል። ባትሪው በብርዱ ቶሎ ቶሎ ስለሚወርድ መለዋወጫውን ብብቴ ሥር ነበር የያዝኩት።

ቀይ ቀበሮ ሳይ ተነስቼ ልከተል ስል አስጎብኚያችን፣ ጠና ያሉ ሰው ናቸው፣ ክንዴን ያዙኝ። «ልጄ፣ አትከተዪው። ቁጭ በይ፣ እሱ ራሱ ይመጣል።» በኦሮምኛ ጀዳላ ፈርዳ እንደሚባል፣ የፈረስ ቀበሮ እንደማለት መሆኑን የነገሩኝም እሳቸው ናቸው። ቁጭ አልኩ። አንድ ሰዓት አለፈ፣ ቂጤ ደነዘዘ።

ከዚያ ትልቁ ፍልፈል ከጉድጓዱ ብቅ አለ። ከባሌ ውጭ በዓለም የትም የሌለ እንስሳ ነው። ዓይኖቹ ጭንቅላቱ አናት ላይ ናቸው፣ ግማሽ አካሉን ብቻ አውጥቶ በአፉ ሳር እየነጨ ተመልሶ ይሰምጣል። አጠገቡ አንዲት ቡናማ ወፍ ቆማለች። ቀበሮው በግራ በኩል መጣ፤ ነጭ ጉሮሮ፣ ረጃጅም እግር፣ ጫፉ ጥቁር የሆነ ጭራ። ሆዱን መሬት አስነክቶ አንድ እግር ያነሳል፣ ያነሳውን ሳያሳርፍ ይደርቃል፣ ደግሞ ሌላውን። እኔም ትንፋሼን ይዤ አብሬው ደርቄያለሁ። ዘለለ። ሳተው! አፈር የያዘ አፍንጫውን ቀና አድርጎ ወደ እኛ ሲያይ ነው የተኮስኩት። ከ200 በላይ ፎቶ አንስቼ ደህና የወጡት 3 ናቸው፣ ከሦስቱ አንዷ ያቺ ናት።

አዋቂ ቀይ ቀበሮ በዓለም ላይ ከ500 ያነሰ ነው የቀረው፣ ከግማሹ በላይ ደግሞ ባሌ ነው ያለው። በትንሽ ሌንስ ቢሆን እሱን ፎቶ ለማንሳት ማባረር ነበረብኝ። በመኪና እያሳደዱ የሚያነሱ አይቻለሁ፣ ያሳፍራል። 400 ሚሊ ሜትሩ እንደኔ ባለ ትንሽ ሴንሰር (ምስሉን የሚቀበለው የካሜራው ክፍል) ካሜራ ላይ የ640ን ያህል ያቀርባል፤ እሱ አደኑን ያድናል፣ እኔ ቁጭ እንዳልኩ እቆያለሁ።

ጉድለቱንም ልንገራችሁ። 400 ላይ ስትደርሱ ብርሃን የሚያስገባው ቀዳዳ የሚከፈተው እስከ f/5.6 ብቻ ነው፣ ጠባብ ነው። ሐረና ጫካ ውስጥ ከዛፍ ሥር አይኤስኦውን (ካሜራው ለብርሃን ያለውን ስሜት) ሰማይ ሰቅዬ እንኳን ፎቶው አሸዋ የተነሰነሰበት ነው የሚመስለው። የእጅ መንቀጥቀጥ መከላከያው የዱሮ ነው፣ ተአምር አትጠብቁ። ከ1.8 ሜትር በታች ፎከስ ስለማያደርግ ለአበባና ለቢራቢሮ አይሆንም። ረፋድ ላይ ፀሐይ መሬቱን ስታሞቀው አየሩ ይርገበገብና ሩቅ ያለው ሁሉ ይደበዝዛል፣ ያ እንኳ የሌንሱ ጥፋት አይደለም፤ በጠዋት ተነሱ። ብር ካላችሁ በፈረንጆቹ 2014 የወጣውን ሁለተኛውን ሞዴል ግዙ፣ ዙሙ የሚዞር ነው፣ በቅርብም ያነሳል። ለሠርግ ከሆነ ሁለቱንም እርሱት።

ለመልክዓ ምድር ሰፊ ሌንስ ያስፈልጋል ይላሉ። እኔ ግን የባሌን ከፍተኛ ተራራ ቱሉ ዲምቱን በዚሁ ነው ያነሳሁት፣ 100 ላይ አድርጌ። ኮረብታዎቹ በጭጋግ ውስጥ አንዱ በአንዱ ላይ ተደራርበው፣ ከፊት አንዲት ጅብራ። እናቴ አሳጥባ ሳሎን፣ ከአባቴ ፎቶ ጎን ሰቅላዋለች።

ክረምት ስለሆነ ሌንሱ አሁን ክዳኑ ጥብቅ በሚል የፕላስቲክ ሳጥን ውስጥ ነው ያለው፣ ከአዲስ ጫማ ካርቶን ውስጥ ከሰበሰብኳቸው እርጥበት መጣጭ ከረጢቶች ጋር። ፈንገሱ እንዳይመለስ በየሳምንቱ አውጥቼ መብራት አበራበታለሁ። እስከ መስከረም።