ሐረጎን በሰላም ላስወረዱኝ ጋሼ

ደሴ ለምትኖሩ፣ ኮምቦልቻ ለምትመላለሱ፣ በተለይ መኪናችሁ ከፊት እግሯ «ኳ ኳ» እያለች ለምታሳቅቃችሁ ሁሉ ይህን እጽፋለሁ። አንድ ሰው ላመሰግን ነው፤ በዚያውም ልጠቁማችሁ።

ሰውየው መካኒክ ናቸው። ጋራዥ የላቸውም። የብረት ሳጥናቸውን ባጃጅ ላይ ጭነው ደጃችሁ ድረስ ይመጣሉ። «ስሜን አትጻፊ» ስላሉኝ «ጋሼ» እያልኩ እቀጥላለሁ።

ቤቴ ደሴ ነው፣ እንጀራዬ ኮምቦልቻ። ርቀቱ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆን ነው። መንገዱን ግን ታውቁታላችሁ። ከደሴ ብርድ ተነስቶ ኮምቦልቻ ሙቀት እስኪደርስ ከ600 ሜትር በላይ ቁልቁል ይወርዳል። ጠመዝማዛው የሐረጎ ቁልቁለት ላይ መሪ የያዘ እጅ አያርፍም። አንዱን ኩርባ ጨረስኩ ስትሉ ሌላው ይጠብቃችኋል። ከፊት ከባድ መኪና እያቃሰተ ይወጣል። ክረምት ላይ ጉሙ ይጨመርበታል። እዚህ መንገድ ላይ መሪዋ የማይታመን መኪና ይዞ መውጣት ምን እንደሆነ ለእናንተ አላስረዳም።

ኮሮላዬ ከፊት በስተግራ መንኳኳት ከጀመረች ቆይታ ነበር። አንድ ጋራዥ ወሰድኳት። የሎወር አርም (ጎማውን ከመኪናዋ አካል ጋር የሚያያዘው የታችኛው ክንድ) ቡሽ ነው፣ ማለትም መገጣጠሚያው ላይ ያለው ጎማ ያለበት ቀለበት ነው ብለው ቀየሩልኝ። አራት ወር ሳይሞላ ድምፁ ተመልሶ መጣ። ሄጄ ስጠይቅ «መንገዱ ነው» አሉኝ። ቀጥሎ ደግሞ አራቱንም አሞርዛተር (የመኪናዋን ንረት የሚያበርደውን) ቀይሪ ተባልኩ። ሂሳቡን ሳስበው ራሴን አዞረኝ። በዚህ መሃል መሪዋ ወደ ግራ መሳብ ጀመረ፤ የግራው የፊት ጎማ የውስጥ ጠርዙ ተላጨ። እማዬ ከኋላ ወንበር ሆና፣ እጀታውን ጨብጣ፣ «ያ አላህ፣ ያ አላህ» እያለች ነበር ሐረጎን የምትወርደው። ከገንዘቡ በላይ አንጀቴን የበላው እሱ ነው።

ጋሼን የጠቆመችኝ ጎረቤቴ ናት። ቅዳሜ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ መጡ። መጀመሪያ ቁልፍ አላነሱም። ሬዲዮውን አስጠፍተው ከጎኔ ተቀመጡና ሰፈራችን ኮብልስቶን ላይ ቀስ ብዬ እንድነዳ አደረጉኝ። መስኮቱን ዝቅ አድርገው ጆሯቸውን ወደ ውጭ ሰጡ። «አንድ ድምፅ አይደለም፣ ሁለት ነው» አሉ። እኔ የምሰማው አንድ ብቻ ነበር።

ግቢ ስንገባ የኋላ ጎማዎቹ ሥር ድንጋይ አስደገፉ። በክሪክ አንስተው የብረት ድጋፍ አስገቡ። በክሪክ ብቻ የቆመ መኪና ሥር እጃቸውን እንኳ አይሰዱም። ከዚያ ጎማውን ግራና ቀኙን ይዘው ወዘወዙት። ቀጨጭ አለ። «ይሄ ታይሮድ ኢንድ ነው፣ አልቋል» አሉ፤ መሪውን ከጎማው ጋር የሚያገናኘው ዘንግ ጫፍ ማለታቸው ነው። ላይና ታቹን ይዘው ሲወዘውዙት ግን ትንሽ ብቻ ተንቀሳቀሰ። ያኔ ገብቼ ፍሬን እንድይዝ አዘዙኝ። ፍሬን ተይዞ መወዛወዙ ከጠፋ ኩሽኔታው (ጎማው የሚሽከረከርበት) ነው፣ ካልጠፋ ቦል ጆይንቱ (አርሙን ከጎማው ጋር የሚያያይዘው ኳስ መገጣጠሚያ) ነው አሉኝ። ጠፋ። ኩሽኔታው ገና ጅምር ስለሆነ ዛሬ አይነካም፣ ግን ሁሌ ጆሮሽን ስጪው ብለው አለፉት። ሳያስፈልግ መቀየር ይችሉ ነበር። እኔ በምን አውቃለሁ?

አሞርዛተሮቹንም አንድ በአንድ አዩአቸው። የመኪናዋን ጥግ በክብደታቸው ተጭነው ለቀቁት። የኋላዎቹ አንዴ ተመልሰው ዝም አሉ። የግራው የፊት ግን ሦስት ጊዜ ዘለለ፤ ገላውም በዘይት ረጥቦ አቧራ ለብሷል። «የፊቶቹን ሁለቱን ነው የምንቀይረው። አሞርዛተር በጥንድ ነው፣ አንዱ አዲስ ሌላው አሮጌ ሲሆን መኪና ትሳሳታለች። የኋላዎቹን አትንኪያቸው።» የአራት አሞርዛተር ወጪ እንዲህ ሆኖ በግማሽ ቀረልኝ።

እኔ ደግሞ መኪናዋን ከፍ ማስደረግ ፈልጌ ነበር። ብዙ ሰው ሞላው (መኪናዋን የሚሸከመው ጥቅልል ብረት) መሃል ጎማ ያስገባል፤ እንዲያ አድርጉልኝ አልኳቸው። እምቢ አሉ። ጎማው የገባበት ቦታ ሞላው አይተጣጠፍም፣ ጫናው ሁሉ በቀረው ላይ ይወድቃል፣ አንድ ቀን ኩርባ ላይ ቢሰበርስ አሉኝ። ከዚያ ሜትር አውጥተው ከጎማው መሃል እስከ መከላከያው ጠርዝ ለኩ። ግራው ከቀኙ 2 ሴንቲ ሜትር ያንሳል። «አብሽሪ ልጄ፣ ከፍታሽ የተወሰደው ሞላው ስለደከመ ነው። በልኩ አዲስ እናስገባና የራስሽን እንመልስልሻለን።» ሁለቱም የፊት ሞላዎች ተቀየሩ። ሞላ መጭመቂያው ላይ ሲሠሩ ሁላችንንም ወደ በረንዳ አባረሩን። የታመቀ ሞላ ሰው ይገድላል፤ ያለዚያ መሣሪያ የአሞርዛተሩን የላይኛውን መሃለኛ ዳዶ ቤታችሁ ለመፍታት እንዳትሞክሩ።

ታይሮድ ኢንዱን ሲያወጡ ስንት ዙር እንደዞረ ቆጥረው፣ ግድግዳው ላይ በጠመኔ «17» ብለው ጻፉ። አዲሱም በ17 ዙር ገባ። ዳዶው እንዳይፈታ የምትሰካውን አሮጌዋን ኮፒሊያ መልሰው አልሰኩም፤ አዲስ ከኪሳቸው አወጡ።

አሁን ይህን ጽሁፍ ወዳስጻፈኝ ነገር ልምጣ። አርሙን ፈትተው ሲያወጡ ከአራት ወር በፊት የተቀየረልኝን ቡሽ አሳዩኝ። ብረቱ ገና ያብረቀርቃል፤ መሃሉ ያለው ጎማ ግን እንደ ከንፈር ተከፍቷል። ዕቃው መጥፎ መስሎኝ ነበር። «ዕቃው ደህና ነው፣ አጠባበቁ ነው» አሉኝ። መኪና ተንጠልጥላ ሳለ አርሙ ወደ ታች ይወድቃል። በዚያው ቡሎኑ ከጠበቀ የቡሹ ጎማ እዚያ ቦታ ላይ ተይዞ ይቀራል። መኪናዋ መሬት ስትወርድ ደግሞ ይጠመዘዛል። ቆማም ቢሆን እንደተጠመዘዘ ነው። ሐረጎን ሲወርድማ እንዴት ይችላል። «እጅሽን እንዲህ ጠምዝዘሽ ቀኑን ሙሉ ዋዪ ብትባዪ ትችያለሽ?» ብለው የራሳቸውን ክንድ አዙረው አሳዩኝ።

አብሯቸው የነበረው ልጅ አርሙን ቶርኖ ቤት ወስዶ አዲሱን ቡሽ አስመትቶ ተመለሰ። ጋሼ ቡሎኖቹን በእጅ ብቻ አያያዟቸው። ጎማውን አስረው መኪናዋን ወፍራም ሳንቃ ላይ አሳረፉ። ደጋግመው ተጭነው ወዘወዟት፣ እግሯ ቦታውን እንዲይዝ። ከዚያ ማዳበሪያ አንጥፈው ሥሯ ገቡና ክብደቷን እንደተሸከመች አጠበቁ። እማዬ አቦሉን አቅርባ ስትጠራቸው «ቡሎን ሳላጠብቅ ቡና አይወርድልኝም» አሉ። ቡናው ቀዝቅዞ እንደገና ተሞቀ። ምን አልባት ሃያ ደቂቃ ቢፈጅ ነው። አራት ወር ሙሉ ያንገላታኝ የዚህ ሃያ ደቂቃ መጉደል ነበር።

የእጃቸውን ዋጋ ግማሹን ብቻ ተቀበሉ። ቀሪውን አላይመንት (የጎማዎቹን አቅጣጫ በመሣሪያ ማስተካከል) አሠርተሽ፣ ነድተሽ፣ ደህና ነው ስትዪኝ ነው አሉ። ታይሮድ ኢንዱን ዙሩን ቆጥሬ ብመልሰውም አላይመንት የግድ ነው፣ ቁጥር ዓይን አይሆንም አሉኝ። ማክሰኞ አሠራሁ፣ መሪዋ ቀጥ አለ። በሳምንቱ ደውለው ብሩን ሳይሆን ድምፁን ጠየቁኝ።

ቤት ውስጥ የምሠራውንም አስተምረውኛል። በየወሩ መሪውን ጥግ ድረስ አዙሬ የቦል ጆይንትና የታይሮድ ላስቲኮች መቀደድ አለመቀደዳቸውን አያለሁ፤ ላስቲኩ ከተቀደደ ግሪሱ ይወጣል፣ ጭቃው ይገባል። የመሪውን ዘይት ልክ አያለሁ። መሪውን ጥግ ላይ ይዤ አልቆይም፣ ፓምፑን ያስጨንቃል። የጎማ ንፋስ የምሞላው የሾፌሩ በር ጋ በተለጠፈው ልክ ነው፤ ጎሚስታው በገመተው አይደለም።

ስልካቸውን የምትፈልጉ በውስጥ ጻፉልኝ፣ እልካለሁ። ዓርብ ከሰዓት አይገኙም። ዕቃውን ራሳችሁ ግዙ ይሏችኋል፤ የሚገዛውን ጽፈው ይሰጣሉ፣ አሮጌውንም በእጃችሁ ያስረክባሉ።

ጋሼ፣ ይህን ልጅዎ እንደሚያነብልዎ አውቃለሁ። አላህ ጤናና ዕድሜ ይስጥልኝ። እማዬ ሰላም ብላዎታለች። ባለፈው ሳምንት ሐረጎን ተኝታ ነው የወረደችው።