ክሩዝ ወይስ ጓሳ?

ወንድሜ ከአሜሪካ ደውሎ «ዘንድሮ ልጆቹን ይዘሽ ነይ፣ ክሩዝ እንሄዳለን» አለኝ፤ በትልቅ መርከብ ወደብ ከወደብ እየዞሩ መዝናናት ማለቱ ነው። ደብረ ብርሃን ብርድ ላይ ቁጭ ብሎ ስለ መርከብ ማሰብ ራሱ ደስ ይላል።

ክሩዝ ልጅ ላለው ይመቻል፤ ሻንጣ አንዴ ከተፈታ መርከቡ ራሱ ሆቴል ነው፣ ዋናው ምግብም ከቲኬቱ ጋር ይከፈላል። ግን ለስላሳው፣ ኢንተርኔቱ፣ ወደብ ላይ የሚደረገው ጉብኝትና የአስተናጋጆች ጉርሻ ብዙ ጊዜ ለብቻ ነው። ለእኛ ትልቁ ጣጣ ቪዛው ነው። መርከቡ ከአሜሪካ ወጥቶ ሌላ አገር ደርሶ ሲመለስ የአንድ ጊዜ መግቢያ ላይበቃ ይችላል፤ የሚቆምባቸው አገሮችም የየራሳቸውን ሊጠይቁ ይችላሉ። ጾምም አለ። ሾርባው ቅቤ ይኑረው አይኑረው በየገበታው ስንቴ ልጠይቅ?

እዚሁ ሰሜን ሸዋ ያለው ጥብቅ የሣር ምድር፣ መንዝ ጓሳ፣ መዋኛም አስተናጋጅም የለውም። ከ3,000 ሜትር በላይ ስለሆነ ሌሊቱ አጥንት ይሰብራል፤ የመንገዱንም ሰላም አስቀድሞ መጠየቅ ግድ ነው። ባለፈው ስንሄድ ግን ትንሿ ልጄ፣ ጭላዳ ዝንጀሮዎቹ ተቀምጠው ሣሩን በጣታቸው እየነጩ ሲበሉ አይታ፣ የያዘችውን ቆሎ ረስታ ፈዛ ቀረች። ቀይ ቀበሮም ከሩቅ አየን።

ልጆቹ ከፍ እስኪሉ ጓሳ ይበልጥብኛል። ወንድሜንም «ለጥምቀት አንተው ና፣ ጋቢ እኔ አዘጋጃለሁ» ብዬዋለሁ።