ዘይት ለምትበላ ቱርቦ መኪና መፍትሔ ላገኙልኝ የደብረ ማርቆሱ መካኒክ ምስጋና ይድረስልኝ

ሰላም ወገኖቼ፣ እንዴት ከረማችሁ? ይህን ጽሁፍ ከሦስት ሳምንት በፊት መጻፍ ነበረብኝ። መኪናዋ በእርግጥ መዳኗን ሳላረጋግጥ ግን ሰው መምራት አልፈለግሁም። አሁን አረጋግጫለሁ። ደብረ ማርቆስ ላይ አንድ መካኒክ አሉ፣ እግዚአብሔር እድሜና ጤና ይስጣቸው። ሌላውን ባታነቡት እንኳ ይህችን ያዙልኝ፤ ሞተር ከማስወረዳችሁ በፊት እሳቸው ጋ ሂዱ።

መኪናዋ ጎልፍ ጂቲአይ ናት። የ2010 ሞዴል፣ 2000 ሲሲ፣ ቱርቦ ያላት፣ 210 የፈረስ ጉልበት። ወንድሜ ከውጭ ያስመጣት ነበረች፤ ተመልሶ ሲሄድ “እማዬን አመላልስባት” ብሎ ለእኔ ተወልኝ። እማዬ የልብ ክትትል አላት። በየሦስት ወሩ አዲስ አበባ ሐኪሟ ጋ ትቀርባለች። ከማርቆስ አዲስ አበባ 300 ኪሎ ሜትር ነው፤ መሀሉ ላይ ደግሞ አባይ በረሃ አለ። ከደጀን ቁልቁል ትወርዳለህ፣ ድልድዩን ትሻገራለህ፣ ከዚያ እስከ ጎሃ ጽዮን ዳገቱን ትያያዘዋለህ። መንገዱን የሚያውቅ ያውቀዋል። የታመመች እናት ይዞ እዚያ ሙቀት ውስጥ መቆም ምን ማለት እንደሆነ ለማንም አልመኝም።

ችግሯ ዘይት ነበር። ትበላለች። አዲስ አበባ ደርሼ ስመለስ አንድ ሊትር ሙሉ ይጠፋል። ከስር ጠብታ የለም፣ ውሃው ውስጥም አልገባም፣ ዝም ብሎ ይጠፋል። አንድ ቀን አባይን ወርጄ ድልድዩ አጠገብ ነዳጅ ስረግጥ ከኋላዬ የነበረው አይሱዙ መብራት አበላለጨብኝ። በመስታወት ሳይ መንገዱ ሰማያዊ ጭስ ለብሷል። እማዬ ነጠላዋን አፍንጫዋ ላይ አድርጋ “ልጄ፣ ምን ሆነች?” አለችኝ። መልስ አልነበረኝም።

ከዚያ በኋላ ያየሁትን እንግልት ስናገር አሁንም ደሜ ይፈላል። ቦታዎቹንም ሰዎቹንም አልጠራም፣ ለእግዚአብሔር ሰጥቻቸዋለሁ። የመጀመሪያው ጋራዥ ኮፈኑን ከፈተ፣ ሁለት ደቂቃ እንኳ ሳያይ “ፋሻ ጨርሷል፣ ሞተር ይውረድ” አለኝ። ፋሻ የሚሉት ዘይት ወደ ላይ እንዳይወጣ የሚያግደውን የፒስተን ቀለበት ነው። የጠራልኝ ብር የመኪናዋን ሩብ ዋጋ ነው። በምን እንዳወቀ ስጠይቀው “እኔን ልታስተምረኝ ነው?” ብሎ ጀርባውን ሰጠኝ። ሁለተኛው “ቀጭን ዘይት ስለምትሞላ ነው” ብሎ ለጭነት መኪና የሚሆን ወፍራም ዘይት ሞላልኝ። ጠዋት ስትነሳ ድምጿ ተለወጠ፣ ጭሱ ግን ያው ነው። ሦስተኛው ይባስ። ቱርቦውን ፈታሁ ብሎ 11 ቀን አስቀመጣት፣ 18 ሺህ ብር ተቀበለኝ፣ ሁለት ብሎን ሳይመልስ ገጠማት። ዘይቱን እንደበፊቱ ስትበላ ተመልሼ ሄድኩ። “ቱርቦ መኪና እንዲህ ነው፣ ልመደው” አለኝ። በቃ። ይሄ ነው መልሱ። በዚያ ወር እማዬን በሚኒባስ ወሰድኳት። ተጨናንቃ፣ አሟት፣ ፍቼ ላይ ወርዳ መንገድ ዳር ተቀምጣ ሳያት ምን እንደተሰማኝ እናት ያለው ይረዳኛል።

ጋሼን፣ የማመሰግናቸውን መካኒክ፣ የጠቆመኝ አንድ የሲኖትራክ ሾፌር ነው፤ ማደያ ላይ ዘይት ስጨምር አይቶኝ። ቀጠሮዋ በማግስቱ ስለነበር እማዬን እንደያዝኩ ሄድኩ። ግቢው ትንሽ ናት፣ ታፔላ እንኳ የላትም። ሽበት የወረሳቸው ሰው ናቸው። እጃቸውን በጨርቅ እየጠረጉ መጡ። ኮፈኑን አልከፈቱም። መጀመሪያ ጠየቁኝ።

“ጭሱን የምታየው አባይን ስትወርድ ነው ስትወጣ?”

አራት ወር ሙሉ ስንከራተት አንድም ሰው እንዲህ ብሎ ጠይቆኝ አያውቅም። ሁሉም ይናገራል እንጂ አይጠይቅም። “ስወርድ ቆይቼ፣ ታች ነዳጅ ስረግጥ ነው። ስወጣ የለም” አልኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ ሞተሩን አስነሱና ጎንበስ ብለው አዳመጡ። “ፉጨት ትሰማለህ?” አሉኝ። ፉጨቱን ለወራት ሰምቼዋለሁ፣ የቱርቦ ድምፅ ይመስለኝ ነበር። የዘይት መሙያውን ክዳን ያዙት፣ ወደ ውስጥ እየሳበ አልለቅ አላቸው። በግድ ፈንቀል ሲያደርጉት ፉጨቱ ቀጥ አለ። መልሰው ሲገጥሙት ጀመረ። “አየህ?” አሉኝ። አየሁ። ሁለት ጊዜ ደገሙልኝ፣ በራሴ እጅም አስሞከሩኝ።

በዚህ አልበቃቸውም። አራቱንም ካንዴላ ፈቱና በመለኪያ የየሲሊንደሩን ኮምፕረሽን፣ ማለትም አየር አምቆ የመያዝ አቅሙን፣ ለኩ። አራቱን ቁጥር በጠመኔ ሲሚንቶው ላይ ጻፉልኝ። አራቱም ተቀራራቢ ናቸው። “ፋሻህ ደህና ነው። ይህን ሞተር ማንም እንዳያወርድብህ” አሉኝ። በዚያች ሰዓት የተሰማኝን እፎይታ በጽሁፍ መግለጽ አልችልም።

ጥፋቱ ሞተሩ የሚተነፍስባት አንዲት የፕላስቲክ እቃ ናት፣ ከላይ የምትቀመጥ፣ ከመዳፍ ብዙ አትበልጥም። ውስጧ ያለው ስስ ጎማ ተቀዷል። ቁልቁል ስወርድ ነዳጅ ሳልረግጥ ሞተሩ በኃይል ይስባል፣ በዚያች ቀዳዳ ዘይቱን አብሮ ይጎትተዋል፣ ታች ነዳጅ ስረግጥ ይነድና ይጨሳል። ስለ ቀረው ብዙ አስረድተውኛል፣ ሁሉን አልያዝኩትም። እንዲህ ያሉ ጉልበተኛ ሞተሮች ዘይት ትንሽ ትንሽ መብላታቸው እንደማይቀር ግን ነግረውኛል። የፋብሪካው መጽሐፍ ራሱ በ1000 ኪሎ ሜትር እስከ ግማሽ ሊትር ሊበላ ይችላል ይላል፤ የእኔዋ ከዚያ ሦስት እጥፍ አልፋ ነበር። በዚህ ሞዴል ፋሻው በእርግጥ የሚያስቸግርባቸው መኪኖች እንዳሉም አልደበቁኝም። “ግን ሳይለኩ አይፈረድም” አሉኝ።

እቃው እጃቸው ላይ አልነበረም። ቀጠሮው ነገ ነው። አሁን የምነግራችሁን እስክሞት አልረሳውም። እማዬ መኪናው ውስጥ ፀሐይ ላይ መቀመጧን አዩ። ዱካ ይዘው ጥላው ስር አኖሩላት፣ ልጁን ልከው ውሃ አስመጡ። “እናቴ፣ ነገ በሰላም ይደርሳሉ፣ አይስጉ” አሏት። ከዚያ ከደብተር ወረቀት ቀድደው የምቆምባቸውን ቦታዎች ጻፉልኝ፤ ደጀን፣ ጎሃ ጽዮን፣ ፍቼ። ሜዳ ቦታ ቁም፣ ሞተሩን አጥፋ፣ አምስት ደቂቃ ጠብቅ፣ ከዚያ ለካ፣ ከታችኛው ምልክት እንዳይወርድ ጨምር። አንድ ሊትር ዘይት ከራሳቸው መደርደሪያ አውርደው ሰጡኝ። ሒሳብ ስላቸው “እቃው ሲገባ” አሉ። በማግስቱ ማታ ሁለት ሰዓት ላይ ስልኬ ጠራ። እሳቸው ናቸው። “ገባችሁ? እናትህ እንዴት ናት?” መጀመሪያ የጠየቁት እማዬን ነው። ዘይቱን የጠየቁት ከዚያ በኋላ ነው።

አባቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ የጭነት መኪና ሾፌር ነበር። ጠዋት ዘይት ሳይለካ ቁልፍ አያዞርም። መለኪያውን መዝዞ በጨርቅ ይጠርጋል፣ ይከታል፣ ደግሞ ያወጣል፣ ወደ ብርሃን አዙሮ ያያል። ጋሼ ልክ እንደሱ አድርገው ሲያዩት ሳይ ትንሽ ሆድ ባሰኝ። እማዬም አይታለች፤ በመንገድ ላይ “እጃቸው የአባትህን እጅ ይመስላል” አለችኝ።

እቃውን ከአዲስ አበባ ገዛሁ። ያገለገለ እንዳትገዛ ብለውኝ ነበር፣ አዲስ አገኘሁ። አንድ ሰዓት ሳይሞላ ገጠሙት። ያንን ወፍራም ዘይት ከነማጣሪያው ቀየሩልኝ፤ 5ደብሊው 40፣ ቆርቆሮው ላይ 502 00 የሚል ቁጥር ያለው፣ ለዚህ ሞተር ፋብሪካው የሚያዘው ነው። የጎደሉትን ሁለት ብሎኖችም ፈልገው ገጠሙልኝ። የእጅ ዋጋ ስንት ጠየቁኝ መሰላችሁ? 800 ብር። ልጨምር ብል አይሆንም አሉ።

ከዚያ ወዲህ አንድ ጊዜ አዲስ አበባ፣ አንድ ጊዜ ባሕር ዳር ደርሼ ተመልሻለሁ። ከ1100 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። የጎደለው ዘይት ሩብ ሊትር አይሞላም። አባይን ወርጄ ድልድዩ አጠገብ ነዳጅ ረገጥኩ፣ በመስታወት አየሁ፣ ጭስ የለም። እማዬ ዞራ አይታ “ተመስገን” አለች።

ወገኖቼ፣ ጎልፍ ያላችሁ፣ አውዲ ያላችሁ፣ ማንኛውም ቱርቦ መኪና ያላችሁ፣ ዘይት እየጎደለባችሁ “ሞተር ይውረድ” የተባላችሁ ካላችሁ እባካችሁ መጀመሪያ እሳቸው ጋ ሂዱ። ከማርቆስ ብቻ አይደለም፣ ከቡሬም ከፍኖተ ሰላምም ከዳንግላም መምጣት ያዋጣል። ያዳምጣሉ፣ ይለካሉ፣ ያሳያሉ፣ የማያስፈልግ ነገር አይፈቱም። ስማቸውንና ስልካቸውን እዚህ እንዳላወጣ ለምነውኛል። በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ ግቢያቸው ድረስ የሚወስዳችሁን አቅጣጫ እነግራችኋለሁ። ሂዱ፣ በእውነት እላችኋለሁ ሂዱ።

ጋሼ፣ ልጅዎ ይህን ካነበበልዎ፣ እማዬ ሰላም ብላዎታለች። ማሩ ተቆርጧል፣ ቅዳሜ ይዘንልዎ እንመጣለን።