«እንደልብሽ ትደውያለሽ» ብለው የሚሸጡትን የዱባይ ሲም ተጠንቀቁ

ንዴቴ ሳይበርድ ልጻፈው። ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ስር ካሉት የሞባይል ቤቶች ለጉዞ ሲም ልትገዙ ያሰባችሁ ካላችሁ ቆም በሉ። ሱቆቹን ታውቋቸዋላችሁ። መስታወቱ ሙሉ ማስታወቂያ ነው። ካርድ፣ ኮቨር፣ ፍላሽ፣ አሁን ደግሞ «የዱባይ፣ የሳዑዲ፣ የቱርክ ሲም፤ ያለገደብ ይደውሉ»።

ዱባይ የሄድኩት ዕቃ ለማምጣት ነው። ልጄን እህቴ ጋ ትቼ ስለምሄድ የምፈልገው መደወል ብቻ ነበር። ይህንኑ ለሻጩ ነገርኩት። «የኔ እናት፣ እንደልብሽ ትደውያለሽ! ኢሲም ስለሆነ ያንቺን ሲም ማውጣት እንኳን አያስፈልግም» አለኝ። ኢሲም ማለት ካርድ የሌለው፣ ኮድ ስካን ተደርጎ ስልኩ ላይ የሚጫን ሲም ነው። ስልኬን ተቀብሎ ኮዱን ስካን አደረገ። 3,500 ብር በሞባይል ባንኪንግ ላክሁ።

ዱባይ እንደወረድኩ ኢንተርኔቱ ሰራ። ደስ አለኝ። እህቴ ጋ በዋትስአፕ ስደውል ግን «በመገናኘት ላይ» እያለ ቆይቶ ይቋረጣል። ዴራ ያረፍኩበት ሆቴል የምትሰራ አንዲት ሐበሻ ናት የነገረችኝ፤ እዚያ አገር በዋትስአፕ መጻጻፍ እንጂ መደወል አይቻልም። እሺ፣ በቀጥታ ልደውል ብዬ ዕቃ የሚልኩልኝን የካርጎዎቹን ቁጥር መታሁ። ጭራሽ አይጠራም። ለካ የሸጠልኝ ዳታ ብቻ ነው። ቁጥር የለውም። አይደውልም፣ አይደወልበትም። ልጄ ትኩሳት ይዞት ሲያድር ድምፁን እንኳን ሳልሰማ ከእህቴ ጋር ስጻጻፍ አነጋሁ።

ትናንት ሱቁ ተመለስኩ። ሻጩ የአንድ ደንበኛ ስልክ ላይ ግላስ እየለጠፈ ነበር። ቀና አላለም። አረፋዋን በጥፍሩ ወደ ጠርዝ እየገፋ «ኢንተርኔቱ ሰርቷል አይደል?» አለኝ። ሰርቷል አልኩት። «በቃ፣ የሸጥኩልሽ ኢንተርኔት ነው። ዱባይ የዘጋውን እኔ ልክፈትልሽ?» ደንበኛው ሳቀ። ከጀርባው የተለጠፈውን «ያለገደብ ይደውሉ» በጣቴ አሳየሁት። «እሱ የሳዑዲው ነው።»

ቀጥሎ ደረሰኝ አምጪ አለኝ። ያልሰጠኝን ደረሰኝ! የባንኩን መልእክት ከፍቼ አሳየሁት። ቀና ያለው ገና ያኔ ነው። ስልኬን ከእጄ ወስዶ የተቀባዩን ስም ሱቁ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ እንዲሰማ አድርጎ አነበበው። የሴት ስም ነው። «እኔ ሴት እመስላለሁ? የላክሽላትን ጠይቂያት» ብሎ ስልኬን ባንኮኒው ላይ ገፋልኝ። የሂሳብ ቁጥሩን በካርቶን ቁራጭ ላይ ጽፎ የሰጠኝ ራሱ ነው። ስሙን አይቼ ስጠይቀውም «የሱቁ ባለቤት ናት፣ አታስቢ» ያለኝ ራሱ ነው። አሁን ግን ሴትየዋን አያውቃትም። «በይ ሴትዮ፣ ሰው አስጠበቅሽ» አለኝና ግላሱን መጥረግ ቀጠለ።

3,500 ብር ቀላል ገንዘብ አይደለም። የዚያ ደንበኛ ሳቅ ግን እስካሁን ያንገበግበኛል። እሱም እኮ ነገ እዚያው ነው የሚገዛው።

ለምትሄዱ ሰዎች፦ ኢሲም ስትገዙ መጀመሪያ «ስልክ ቁጥር አለው ወይ?» በሉ። ከሌለው ዳታ ብቻ ነው። አንዳንዱ የዳታ ሲም መስመሩ በሌላ አገር ስለሚዞር ዱባይም ላይ ዋትስአፕ ያስደውላል፤ የኔው አላስደወለም። ለማንኛውም ዱባይ ላይ የሚያስደውለውን ቦቲም የሚባለውን አፕ እናንተም ቤተሰባችሁም ከመነሳታችሁ በፊት ጫኑ። የአገር ቤት ሲማችሁ ውጭ አገርም እንዲሰራ ሮሚንግ ካስከፈታችሁ ደግሞ ሰው ሲደውልላችሁም ሂሳብ ስለሚቆጥር ታሪፉን አስቀድማችሁ ጠይቁ። ደረሰኝ ሳትይዙ ብር አትላኩ።

የትኛው ሱቅ እንደሆነ ማወቅ የፈለገ በውስጥ ይጻፍልኝ።