ከጁን እስከ ኖቬምበር የወረወርኳቸው የመስኪ ሉሮች

ሚኒሶታ ውስጥ የመስኪ ዓሣ ማጥመጃ ወቅት በአብዛኞቹ ሐይቆች የሚከፈተው በጁን የመጀመሪያው ቅዳሜ ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ብርዱ እጅ እስኪያደነዝዝ ድረስ አራት ሉሮችን፣ ማለትም ዓሣ የሚያታልሉ ሰው ሠራሽ ማጥመጃዎችን፣ እያፈራረቅኩ ስወረውር ከረምኩ። በጋውን ሚኔቶንካ ሐይቅ ላይ ነበርኩ። መኸር ሲገባ ደግሞ ወደ ሰሜን፣ ወደ ሚል ላክስ ሐይቅ ወጣሁ። አሁን ጀልባው ስለገባ የትኛው ዋጋውን እንዳወጣ፣ የትኛው እንዳረጀ፣ እያንዳንዱ እንዴት እንደሚጎተት ልንገራችሁ።

ለማያውቀው፣ መስኪ የፓይክ ዘመድ ነው። ረጅም፣ ጥርሳም፣ አድብቶ የሚያድን ዓሣ። አጥማጆቹ «የአሥር ሺህ ውርወራ ዓሣ» ይሉታል። ቀኑን ሙሉ ወርውራችሁ አንዴም ሳይነካላችሁ ሊመሽ ይችላል። ከሁሉ የሚያንገበግበው ግን መከተሉ ነው። ሉሩን እስከ ጀልባው ጥግ ተከትሎ ይመጣል፣ ቆም ብሎ ያየዋል፣ ከዚያ ዝም ብሎ ወደ ታች ይጠፋል። ስለዚህ እኔ ሉርን የምመዝነው በአንድ ነገር ነው፤ ጀልባው ሥር ሲደርስ ይታዘዛል ወይ? ርቆ ሲጎተት ሁሉም ያምራል። የሚለየው የመጨረሻው ሜትር ላይ ነው።

በዚህ ሚዛን አንደኛው ባክቴል የሚባለው ባለ ጭራ ሉር ነው፤ ያውም ሁለት ቁጥር 10 ብሌድ፣ ማለትም የሚሽከረከር ቅጠል መሰል ብረት፣ ያለው። ጭራው ከሚያብለጨልጭ ቀጭን ክር የተሠራ ነው። ብሌዶቹ ሲሽከረከሩ ንዝረቱ በማጥመጃው ዘንግ አልፎ ክርናችሁ ድረስ ይሰማችኋል። ዓሣውም በጎኑ ላይ ባለው መስመር ይህን ንዝረት ይሰማል። ለዚህ ነው በምሽትና በድፍርስ ውኃ ላይ ጭምር የሚያገኘው። የእኔው ጥቁር ጭራ ከብርቱካናማ ብሌድ ጋር ነው። ሰማዩ ሲደምን ሌላ ነገር አላስርም።

አጎታተቱ ቀላል ይመስላል፤ ወርውሮ መሰብሰብ ነው። ነገር ግን ሉሩ ውኃውን ሳይነካ በፊት ሪሉን፣ ክር መጠቅለያውን፣ ማዞር ጀምሩ። ብሌዶቹ ወዲያው ይነሣሉ፣ ሉሩም ሣር ውስጥ አይሰምጥም። በጁን መጀመሪያ ዓሣው እንቁላል ጥሎ ስለሚደክም አነስ ያለ ብሌድ በዝግታ ይሻላል። ጁላይና ኦገስት ላይ ግን ፍጥነት አትፍሩ። እናንተ የቻላችሁትን ያህል ብትጎትቱ መስኪው ይደርስበታል። ሁለት ቁጥር 10 ብሌድ ውኃውን በኃይል ስለሚይዝ ፈጣን ሪል ላይ ትከሻ ይፈጃል። እኔ 5.3 ለ 1 የሆነ (እጀታው አንዴ ሲዞር ክሩ የሚጠቀለልበት 5.3 ጊዜ የሚዞር) ዘገምተኛና ጉልበተኛ ሪል ነው የምጠቀመው፤ ልዩነቱ ከሰዓት በኋላ ይታወቃል። ትከሻው የሚያመው ሰው አነስ ያለውን ቁጥር 8 ብሌድ ይግዛ፤ ዓሣ አያጣም።

ወደዚያ የመጨረሻ ሜትር ልመለስ። ሉሩ ጀልባው ጋ ሲደርስ ከውኃ አይወጣም። ክሩ 30 ወይም 40 ሴንቲሜትር ያህል ከዘንጉ ጫፍ ሲቀረው፣ የዘንጉን ጫፍ ውኃ ውስጥ አስገብታችሁ ትልቅ የስምንት ቁጥር ቅርጽ ትሥላላችሁ። ጠባብ ስምንት ዋጋ የለውም። መስኪ ረጅም ስለሆነ ጥግ ላይ ለመዞር ሰፊ ቦታ ይፈልጋል። ቀጥታው ላይ ሉሩን ወደ ታች ዝቅ፣ መታጠፊያው ላይ ወደ ላይ ከፍና ፈጠን አድርጉት። ብዙ ጊዜ የሚነክሰው እዚያ መታጠፊያ ላይ ነው። ዓሣ አየሁ አላየሁ፣ ከእያንዳንዱ ውርወራ በኋላ አደርገዋለሁ። በውኃው ጥልቀት ያለውን ሁሉ ማየት አይቻልማ። ባክቴሉ እዚህ ላይ ነው የሚበልጠው፤ አቅጣጫው ሲቀየር ብሌዱ መዞሩን አያቆምም።

ከወራት በኋላ ምን ሆነ? የብሌዱ ቀለም ተላልጧል፣ ዓሣው ግን ግድ አልሰጠውም። ጭራው ሳስቷል። መሐል ያለው ሽቦ ሁለት ትልልቅ ዓሣ ከታገለ በኋላ ስለተጣመመ ብሌዶቹ ሲጀምሩ ይዘገዩ ነበር፤ በፒንሳ አቃናሁት፣ ተስተካከለ። መንጠቆውን ግን በየጉዞው ሞርዱት። የመስኪ አፍ አጥንት የሞላበት ነው፣ የደነዘዘ መንጠቆ አይገባለትም። ሚኔቶንካ ላይ ሌላ ጣጣ አለ። ከውጭ የመጣው ሚልፎይል የተባለው የውኃ ሣር በጁላይ እስከ ላይ ይደርሳል፣ መንጠቆውም ይሰበስበዋል። ዘንጉን ቀና አድርጎ ከሣሩ በላይ ማስኬድ ነው መላው።

ሁለተኛው፣ ውኃ ላይ የሚሄደውና ጭራው የሚሽከረከረው ሉር ነው። የኋላ ክፍሉ ሲዞር «ፕሎፕ ፕሎፕ» እያለ ውኃውን ይመታል። ነፋስ የሌለበት የጁላይ ምሽት የእሱ ሰዓት ነው። አንድ ፍጥነት ያዙና አትለዋውጡ። ውኃው ሲፈነዳ ልብ ይዘላል፣ እጅም አብሮ መንጠቅ ይፈልጋል። አትንጠቁ። የዓሣው ክብደት ዘንጉ ላይ እስኪመጣ መጎተቱን ቀጥሉ፣ ከዚያ መንጠቆው እንዲገባ ዘንጉን በኃይል ሳቡ። ጥንካሬው አስደስቶኛል። የጥርስ ምልክት ሞልቶታል፣ ውኃ ግን አልገባውም። ድክመቱ ነፋስ ሲነሣ ድምፁ መጥፋቱ ነው።

ሦስተኛው፣ ግማሽ ፓውንድ የሚጠጋው ትልቁ የላስቲክ ዓሣ። የመኸር ሉር ነው። ቱሊቢ የሚባለው ዓሣ ሚል ላክስ ላይ ውኃው ሲበርድ እንቁላል ሊጥል ወደ ድንጋያማው ቦታ ይመጣል፣ መስኪውም ይከተለዋል። ላስቲኩን እዚያ ጥላችሁ እንዲሰምጥ ትተዋላችሁ። ከዚያ በዘንጉ ረዘም አድርጎ መሳብ፣ ማቆም፣ መልሶ መሳብ። አብዛኛውን ጊዜ የሚነክሰው ሲሰምጥ ስለሆነ ክሩ በጣም አይላላ። መሥራቱን ይሠራል፣ ዕድሜው ግን አጭር ነው። አንድ ዓሣ ጭራውን ቆርጦ ይሄዳል። የተቀደደውን በጋለ ብረት አቅልጬ አጣብቄዋለሁ፣ ለጊዜው ይዟል። ከሌሎቹ ሉሮች ጋር አንድ ሳጥን ውስጥ አትክተቱት፤ ለስላሳው ላስቲክ የሌላውን ቀለምና ጠንካራ ፕላስቲክ ያሟሟል። እኔ ለብቻው በከረጢት ነው የምይዘው።

አራተኛው ሱዊክ የሚባለው የእንጨት ሉር ነው። ዊስኮንሲን ውስጥ ከብዙ አሥርት ዓመታት በፊት የተጀመረ ንድፍ ነው። ኋላው ላይ ያለችውን ቆርቆሮ ወደ ታች ስታጥፏት ጠለቅ ይላል፣ ስታቃኗት ወደ ላይ ይቀራል። በዘንግ ወደ ታች መሳብ፣ እንዲንሳፈፍ መተው፣ ይኸው ነው። ከሣር ዳር ዳር ደስ ይላል። ስምንት ቁጥር ላይ ግን ስለማይታጠፍልኝ ሁለተኛ ምርጫዬም አላደረግኩትም።

የትኛውንም ብትወረውሩ ክሩ 80 ፓውንድ የሚችል የተገመደ፣ ጫፉ ላይ የሽቦ ወይም ወፍራም የፍሎሮካርቦን ሊደር (ጥርስ የማይቆርጠው መጨረሻ ክር) ይሁን። የጎማ ሽፋን ያለው ትልቅ መረብ፣ ረጅም ፒንሳና መንጠቆ የሚቆርጥ የብረት መቁረጫ ሳትይዙ አትውጡ። መንጠቆው ካልወጣ ቆርጣችሁ ጣሉት። መንጠቆ ይገዛል። ውኃው 80 ፋራናይት ሲያልፍ እኔ መስኪ አላጠምድም፤ በሞቀ ውኃ የታገለ ዓሣ ሲለቀቅ በደህና ቢዋኝም በኋላ ሊሞት ይችላል።

በፍልሰታ ሰሞን ወዳጆቼ «ታዲያ ዓሣው የታለ?» ይሉኛል። እሺ፣ ለመብል ከሆነ ዎልአይና ክራፒ የሚባሉ ዓሦች አሉ፣ በደስታ አመጣላችኋለሁ። መስኪን ግን አልበላም። ትልቅና ረጅም ዕድሜ ያለው አዳኝ ስለሆነ ሜርኩሪ ያከማቻል። ሕጉም ቢሆን በአብዛኞቹ የሚኒሶታ ሐይቆች ከ54 ኢንች በታች የሆነውን መያዝ አይፈቅድም፤ 137 ሴንቲሜትር ማለት ነው። ከሁሉ በላይ ግን ይህን ያህል ለማደግ ብዙ ዓመት የፈጀ ዓሣ ነው። እዚያው ውኃ ውስጥ፣ ጭራው ጋ ይዤ፣ በራሱ ጉልበት እስኪሄድ እጠብቀዋለሁ።

ለመጪው ጁን ባክቴሉን በአዲስ እተካለሁ፣ ያውም ሁለት፤ አንዱ በቁጥር 8 ብሌድ። ውኃ ላይ የሚሄደው መንጠቆው ብቻ ይቀየርለታል። ላስቲኩን ዘጠኝ ኢንቹን ገዝቼ ትልቁን ትከሻው ለሚችል ወዳጅ እሰጠዋለሁ። ለጀማሪ የሚሆን ገንዘብ ለአንድ ሉር ብቻ ካለ፣ 30 ዶላር ገደማውን ባክቴሉ ላይ አውሉት።