የአንቴና ቡስተር ሻጩ ያላሳየኝ የታችኛው መስመር

ተሸውጃለሁ። ያውም ሁለት ጊዜ፣ በአንድ ሰው፣ በአንድ ዓይነት ዕቃ። አንቴናችሁ ላይ አምፕሊፋየር፣ ማለትም ብዙዎቻችን ቡስተር የምንለውን ነገር፣ ልታስገጥሙ ያሰባችሁ ካላችሁ ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት ይቺን አንብቡ።

ቴሌቪዥናችን ደህና ይሠራ ነበር። አንድ ከባድ ዝናብ ካለፈ በኋላ ግን ሁለት ሦስት ቻናሎች መቆራረጥ ጀመሩ። ምስሉ ትንንሽ አራት ማዕዘን እየሆነ ይሰባበራል፤ ድምፁ ይዋጣል፤ ከዚያ ምንም እንዳልተፈጠረ ይመለሳል። ገጣሚ ጠራሁ። ሰውዬው መጣና አንቴናውን በመስኮት አንጋጦ አየው። ጣሪያ ላይ አልወጣም። ያኔ መንቃት ነበረብኝ፤ አልነቃሁም።

ሪሞቱን ተቀብሎ የቴሌቪዥኑን የሲግናል ገጽ ከፈተ። «ጋሼ፣ ይኸውልዎ፣ 47 ነው። ሲግናልዎ ሞቷል» አለኝ። ከቦርሳው ትንሽ ሳጥን አውጥቶ ከቴሌቪዥኑ ጀርባ ኬብሉ መሃል አስገባት፤ አዳፕተሯን ሶኬት ላይ ሰካ። መስመሩ ከ47 ተነስቶ 92 ላይ ቆመ። «አሁንስ?» አለኝ ፈገግ ብሎ። ምን እላለሁ? ቁጥሩን በዓይኔ አይቻለሁ። ከፈልኩ።

ቁጥሩ አልዋሸም። እኔ ነኝ ማየት ያለብኝን ያላየሁት። ገጹ ላይ ያሉት መስመሮች ሁለት ናቸው። የላይኛው ጥንካሬ ነው፣ የታችኛው ጥራት። ሰውዬው ጣቱን ከላይኛው ላይ አላነሳም። ማታ ደህና የነበሩት ቻናሎች ጭምር ሲጠፉ ገጹን ራሴ ከፈትኩት። ጥንካሬ 92፣ ጥራት 31። ሳጥኗን ነቅዬ ኬብሉን እንደ ድሮው በቀጥታ ሰካሁት። ጥንካሬ 47፣ ጥራት 55። ገንዘብ ከፍዬ ቴሌቪዥኔን አበላሽቻለሁ ማለት ነው።

ነገሩ የገባኝ ቆይቶ ነው። ቡስተር የምትፈልጉትን ሲግናል መርጦ አያጎላም። ኬብሉ ይዞ የመጣውን ሁሉ ነው የሚያጎላው፤ ጩኸቱንም፣ ከጎረቤት አምፖልና ከርካሽ ቻርጀር የሚመጣውን ረብሻም። በዚያ ላይ የራሱን ጩኸት ይጨምርበታል። ገበያ መሃል የተነገረ ሹክሹክታ በስልክ ቀድታችሁ በሞንታርቦ ብትለቁት ቃሉ አይጠራም፤ ገበያው ነው አብሮ የሚጮኸው። የላይኛው መስመር «ስንት ድምፅ አለ?» ይላል። የታችኛው «ከዚህ ውስጥ ቃሉ ይሰማል ወይ?» ይላል። ለዲጂታል ቴሌቪዥን ወሳኙ ሁለተኛው ነው። በአናሎግ ጊዜ ሲግናል ሲደክም ምስሉ ነጠብጣብ ይሞላዋል እንጂ ሰው መለየት ይቻል ነበር። ዲጂታል ላይ መሃል ሰፋሪ የለም። ጥራቱ ከሆነ ወሰን በታች ሲወርድ ምስሉ ይሰባበራል፣ ከዚያም ትንሽ ሲወርድ ደግሞ ጭልም ይላል።

ደወልኩለት። አልተናደደም፤ እንዲያውም የጠበቀው ይመስላል። «አነሰችዎት ማለት ነው ጋሼ፣ ባለ 40 ዴሲቤሏን ላምጣልዎት» አለ። እኔም እሺ አልኩ። አዎ፣ እሺ አልኩ! የመጀመሪያው ገንዘብ ከንቱ ከሚቀር ብዬ ሁለተኛውን ጨመርኩበት።

ዴሲቤል የሚለውን ቃል ሻጮች እንደ ፈረስ ጉልበት ያወሩታል፤ ሲበዛ የሚሻል ይመስላል። 10 ዴሲቤል ማለት ኃይሉን 10 እጥፍ ማድረግ ነው። 20 ሲሆን 100 እጥፍ። 40 ሲሆን 10,000 እጥፍ። አስቡት፤ ቅርብ ካለ ማሰራጫ ደህና ሆኖ የሚገባ ቻናል 10,000 እጥፍ ተደርጎ ቴሌቪዥኑ ውስጥ ሲከተት ምን ይፈጠራል? ቴሌቪዥኑ ይታፈናል። ቡስተሩም ከአቅሙ በላይ ሲጫን ቻናሎቹን እርስ በርስ ያደባልቃቸዋል፤ ከጠንካራው ጋር ደካማውም ይጠፋል። እኔ ቤት የሆነው ይኸው ነው። በአዲሱ ሳጥን የቀሩኝ ሁለት ቻናሎች ናቸው።

የካርቶኑን ጽሑፍ ደግሞ ቁጭ ብዬ ያነበብኩት ከዚህ በኋላ ነው። «4ኬ»፣ «5ጂ»፣ «500 ኪሎ ሜትር» ይላል። አንቴናም ሆነ ቡስተር የምስሉን ጥራት አያውቅም፤ ሞገድ ነው የሚያሳልፈው። ስለዚህ 4ኬ የሚባል ቡስተር የለም። 5ጂ የሚለውማ ጭራሽ የሚያስቅ ነው። ድሮ የቴሌቪዥን የነበሩት የ700 እና የ800 ሜጋኸርዝ አካባቢ ሞገዶች በብዙ አገሮች ለሞባይል ተሰጥተዋል። እስከ 862 ሜጋኸርዝ ድረስ ክፍት የሆነ የቆየ ሞዴል ቡስተር ካላችሁ በአካባቢያችሁ ያለውን የሞባይል ማማ አብሮ እያጎላ ነው ማለት ነው። የሚያስፈልጋችሁ የሞባይሉን ሞገድ የሚያግድ ፊልተር ነው፤ ሻጩ ግን ጠላትየውን ማስታወቂያ አድርጎ ካርቶኑ ላይ ጽፎታል።

500 ኪሎ ሜትሩስ? ምድር ክብ ናት። የቴሌቪዥን ሞገድ ከአድማስ ትንሽ ያልፍና ያበቃለታል። ማሰራጫው 300 ሜትር ከፍታ ላይ ቢሆን፣ የእናንተ አንቴና 10 ሜትር ላይ ቢሆን፣ መሃል ላይ ተራራም ባይኖር፣ ሁለቱ የሚተያዩት እስከ 84 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። አየሩ ሲያመች አንዳንዴ ከዚያ ይርቃል፤ በዚያ ተማምኖ ዕቃ መግዛት ግን አይቻልም። አንቴናው ጋ ያልደረሰ ነገር ደግሞ አይጎላም።

ሬዲዮውን ልረሳው ነበር። ከዚያው አንቴና የሚመጣውን ኬብል በስፕሊተር፣ ማለትም ሲግናሉን በሚያከፋፍል ትንሽ ዕቃ፣ ለሁለት ከፍዬ ኤፍኤም ሬዲዮ አገናኝቼ ነበር። ቡስተሩ ከገባ ጀምሮ ሬዲዮው ሹሹሹ ብቻ ሆነ። ለካ ብዙ የቴሌቪዥን ቡስተሮች ከ87.5 እስከ 108 ሜጋኸርዝ ያለውን የኤፍኤም ሞገድ ሆን ብለው ያግዳሉ፤ ጠንካራ የኤፍኤም ጣቢያ ቴሌቪዥኑን እንዳይረብሽ ነው። አንዳንዶቹ ላይ ማገጃውን የምታበሩበትና የምታጠፉበት ትንሽ ማብሪያ አለ። የእኔ ላይ የለም፤ የነገረኝም የለም። መካከለኛ ሞገድ ለማዳመጥ ቡስተር የሚገዛ ካለ ደግሞ ይተወው። መካከለኛ ሞገድ ከ1.7 ሜጋኸርዝ በታች ነው፤ እነዚህ ሳጥኖች ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምሩት ከ40 ሜጋኸርዝ በላይ ነው። ዲሽ ያላችሁም ለዲሽ ኬብል ይሆናል ብላችሁ እንዳትገዙ። ከዲሹ የሚወርደው ሲግናል ከ950 እስከ 2150 ሜጋኸርዝ ነው፤ ለምድር አንቴና የተሠራ ቡስተር አያውቀውም። ሪሲቨሩ ወደ ዲሹ የሚልከውን 13 ወይም 18 ቮልትም መሃል ላይ ሊቆርጠው ይችላል።

በሦስተኛው ሳምንት ሰው መጥራት ትቼ ራሴ ጣሪያ ላይ ወጣሁ። ደረቅ ቀን መርጬ፣ መሰላሉን የሚይዝልኝ ሰው አቁሜ። አንቴናችሁ በመብራት ሽቦ አጠገብ ከሆነ እናንተ አትሞክሩት፤ ደመና ሲያጉረመርምም እንደዚያው። አንቴናው ሥር ኬብሉ የሚታሰርበት ትንሽ የፕላስቲክ ሳጥን አለ። ክዳኑ ተሰንጥቋል። ስከፍተው ውስጡ ውሃ አቁሯል። የመሃሉ የመዳብ ሽቦ ጫፍ አረንጓዴ ዱቄት ለብሷል። በዙሪያው ያለው የሽቦ መረብ ጠቁሮ በጣቴ ስነካው እንደ ደረቀ ቅጠል ረገፈ። ኬብሉ ከአንቴናው ጋር የቀረው ግንኙነት የስም ብቻ ነበር።

ችግሬ ይኸው ነበር። ከዝናብ በኋላ የጀመረ ችግር እዚያ ነው የሚፈለገው። ሰውዬው አምስት ደቂቃ ወስዶ ቢወጣ ኖሮ ያየው ነበር። ወይም አውቆ ነው ያልወጣው፤ ኬብል ቆርጦ ማሰር ሳጥን እንደ መሸጥ አያዋጣማ።

የኬብሉን ጫፍ ንጹሕ መዳብ እስከሚታይ ድረስ ቆረጥኩት፤ 20 ሴንቲ ሜትር ያህል ሄደ። ሳጥኑን አጸዳሁ፣ መዳቡን አሰርኩ፣ ስንጥቁን ደፈንኩ። ኬብሉ ወደ ቤት ከመግባቱ በፊት ወደ ታች ቀለስ እንዲል አደረግኩት፤ ውሃው ተከትሎት ከመግባት ይልቅ ከቅልሱ ላይ እንዲንጠባጠብ። ወርጄ ገጹን ከፈትኩት። ያለ ምንም ቡስተር ጥንካሬ 63፣ ጥራት 88። ሁሉም ቻናል ተመለሰ፣ ሬዲዮውም ጭምር።

እዚህ ላይ ቡስተር ሁሉ ማጭበርበሪያ ነው እያልኩ አይደለም። ሥራ አለው፤ ሥራው ግን ኬብልና ስፕሊተር የሚበሉትን መተካት ነው። 30 ሜትር የሚሆን ደህና ኬብል በዩኤችኤፍ፣ ማለትም ብዙ የቴሌቪዥን ቻናሎች በሚመጡበት ሞገድ ላይ ከ5 እስከ 6 ዴሲቤል ይበላል። 6 ዴሲቤል ሲበላ ከአንቴናው የተነሳው ኃይል ሩቡ ብቻ ደረሰ ማለት ነው። ለአራት ቴሌቪዥን የሚያከፋፍል ስፕሊተር ከ7 እስከ 8 ይበላል። ሁለቱን ስትደምሩ ከ12 እስከ 14 ይሆናል። እንዲህ ላለ ቤት ከ15 እስከ 20 ዴሲቤል ያለው በቂ ነው። 40 ለምን?

ቦታውም ወሳኝ ነው። ቡስተሩ የሚቀመጠው ላይ፣ አንቴናው አጠገብ ነው፤ ሲግናሉ ኬብሉ ውስጥ ከመድከሙ በፊት። የእኔው ሰውዬ ከቴሌቪዥኑ ጀርባ የሰካው መሰላል ላለመውጣት ነው። ደህና የሚባለው ዓይነት ሁለት ክፍል አለው። ማጉያው ምሰሶው ላይ ይታሰራል፤ አዳፕተሩ ቤት ውስጥ ሆኖ በዚያው በአንቴናው ኬብል በኩል 5፣ 12 ወይም 24 ቮልት ይልክለታል፤ እንደ ሞዴሉ ነው። የሁለቱ ቮልት መመሳሰል አለበት። ካርቶኑ ላይ ከዴሲቤሉ ይልቅ «ኖይዝ ፊገር» የሚለውን ፈልጉ። ዕቃው ራሱ የሚጨምረው ጩኸት ነው፤ ሲያንስ ይሻላል፤ 2 አካባቢ ከሆነ ጥሩ ነው። ቁጥሩ ጭራሽ ካልተጻፈ እኔ አልገዛም።

አስገጥማችሁ እምቢ ያላችሁ ካላችሁ፣ ሌላ ከመግዛታችሁ በፊት መጀመሪያ የአዳፕተሩን መብራት እዩ። ኬብሉ ሲሰካ መብራቱ ከፈዘዘ ወይም ብልጭ ድርግም ካለ የሆነ ቦታ ሾርት አለ። በአብዛኛው ኮኔክተር ውስጥ ነው፤ ከመረቡ አንዲት ፀጉር የምታክል ሽቦ አፈንግጣ የመሃሉን መዳብ ትነካለች። የመጀመሪያዋን ትንሽ ቡስተር ለሙከራ ምሰሶው ላይ ሳወጣት እኔም ይቺው ገጥማኛለች። ኮኔክተሩን ያሰርኩት ራሴ ስለነበርኩ የምሰድበው ሰው አልነበረኝም። መብራቱ ደህና ከሆነ ላይ ወጥታችሁ በቴስተር የኬብሉን ጫፍ ለኩ፤ ከመሃሉ መዳብና ከመረቡ መካከል 12 ቮልት ተልኮ 12 አካባቢ ማንበብ አለበት። ምንም ከሌለ የአዳፕተሩ ሁለት ቀዳዳዎች ተቀያይረው ይሆናል፤ አንዱ ወደ አንቴና፣ አንዱ ወደ ቴሌቪዥን ነው። ወይም መሃል ላይ ኤሌክትሪክ የማያሳልፍ ስፕሊተር ተቀምጧል። ኤሌክትሪክ ያላገኘ ቡስተር ደግሞ ከነጭራሹ ከሌለው የባሰ ነው፤ ሲግናሉን ዘግቶ ይቀመጣል። ከዓመት ከሁለት ዓመት በኋላ እየደከመ የሚመጣ ከሆነ ብዙውን ጊዜ የሚሞተው አዳፕተሩ ነው። እሱን ብቻ ቀይሩ። አትፍቱት፤ የመብራት ኃይል አለበት።

ገንዘቤን ልጠይቅ ሄጄ ነበር። «አንዴ ከተገጠመ አይመለስም» አለኝ። ደረሰኝ የለኝም። አንድ ሳምንት ሞክሬ ካልሠራ እመልሳለሁ የሚል ቃል አስቀድሜ አላስጻፍኩም። እናንተ አስጽፉ። ሳይገጥም በፊት የሁለቱንም መስመር ፎቶ በስልካችሁ አንሱ፤ ከገጠመ በኋላም እንደገና፤ ደካማውን ቻናል ከፍታችሁ፣ ጠንካራውንም ከፍታችሁ። ጥራቱ ካልጨመረ አትክፈሉ። «ይረጋጋል፣ ሁለት ቀን ይጠብቁት» ካላችሁ ምንም የሚረጋጋ ነገር የለም። ሲግናል ሊጥ አይደለም፣ አድሮ አይነሳም።

ትንሿን ቡስተር ለወንድሜ ሰጠኋት። የእሱ አንቴና ከቤቱ ርቆ ምሰሶ ላይ ነው ያለው፤ ኬብሉ 40 ሜትር ያልፋል፣ ቴሌቪዥኑም ሦስት ነው። ምሰሶው ላይ አሰርንለት፣ አዳፕተሩን ቤት ውስጥ አደረግን፤ ጥራቱ ከ44 ወደ 79 ወጣለት። ባለ 40ዋ እስካሁን መሳቢያዬ ውስጥ ናት፤ ማን እንደሚፈልጋት እንጃ።